ኖር! ስለ መቀመጥና ስለ መቆም ለሒሳብ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

(በሐምሌ ወር አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ የሒሳብ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ። ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሱ በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከክልል ከተሞች ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሁሉም በፊት ግን፣ እንኳን ከሰኔ 30 በሰላም አወጣችሁ! (ጭብጨባ)

የበጀት ዓመት መዝጊያን ያላየ ሰው ይህ ሰላምታ አይገባውም። እናንተ ይገባችኋል። ዓይናችሁ አሁንም እንደቀላ ነው።

(ስልክ ይጮኻል) ይቅርታ፣ የኔ ነው። ኧረ አትቆጡኝ! የረሳሁት እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ብዬ ነው ያላጠፋሁት። ለምን እንደሚጮህ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ያን ጊዜም እንዳትቆጡኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ቆሞ መሥራት ይሻላል ወይስ ተቀምጦ?» የሚል ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ስለ መቀመጥ። ሁለተኛ ስለ መቆም። ሦስተኛውን ስንደርስበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደናንተው 24 ዓመት ዴቢትና ክሬዲት ሳመዛዝን የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ወገብ ያነበብኩት ወገቤን ስላመመኝ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ሰኔ ወገቡን ያልያዘው ሰው እጁን ያውጣ። ... አንድ እጅ ብቻ አየሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፣ አይቆጠርልዎትም። (ሳቅ)

እሺ፣ አንደኛ። መቀመጥ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፣ ሰኔ መጨረሻ። የባንክ ማስታረቂያ እየሠራሁ አርባ ሳንቲም አልገጥም አለኝ። አርባ ሳንቲም! አርባ ሺህ ብር ቢሆን ቶሎ ይገኛል። አርባ ሳንቲም ግን የት ገብታ እንደምትደበቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተቀመጥኩ ሰውዬ ምሳዬን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ በላሁ። መሸ። ሰው ሁሉ ወጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ «በቃ፣ ነገ ይታያል» ብዬ ልነሳ ስል ወገቤ እንቢ አለ። ግማሽ መንገድ ተነስቼ እዚያው ቀረሁ። ወይ አልተቀመጥኩ፣ ወይ አልቆምኩ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ዘበኛችን መብራት ሊያጠፋ መጣ። አየኝ፣ አየኝና «ጌታዬ፣ ምን ወድቆብዎት ነው የሚፈልጉት?» አለኝ።

«አርባ ሳንቲም» አልኩት። (ሳቅ)

ደግፎ ታክሲ አስገባኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዲስኬ የተንሸራተተ መስሎኝ ተናዝዤ ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና «ዲስክህ ደህና ነው፣ ጡንቻህ ነው የደረቀው። ሳትነሳ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ?» አለኝ። «ቆጥሬ አላውቅም» አልኩት። «የሒሳብ ሰው ሆነህ?» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ካነበብኩት ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ፣ የኛ ሙያ ሰው ይወደዋል።

ቦታው ለንደን ነው፣ ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ። የልብ ሕመም ሰው እየጨረሰ ነው፣ ምክንያቱ ግን በውል አይታወቅም። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ዓይኑን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ጣለ። በአንድ አውቶቡስ ሁለት ሰው ይሠራል፣ ሾፌርና ትኬት ቆራጭ። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ የኑሮ ደረጃቸው ተቀራራቢ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ተቀምጧል። ትኬት ቆራጩ ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቀን ከ500 እስከ 750 የደረጃ እርከን ይወጣል። እዚህ ላይ የኛን አንበሳ አውቶቡስ እንዳታስቡ። የኛው ትኬት ቆራጭ ኋላ በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚቆርጠው። (ሳቅ)

ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ውጤቱን አወጡ። የልብ ሕመም ሾፌሮቹን በብዛት ያጠቃል። ትኬት ቆራጮቹን ሲይዛቸውም ዘግይቶ ነው፣ እንደ ሾፌሮቹም ቶሎ አይገድላቸውም። ፖስታ ቤትም ሄዶ ያንኑ አገኘ። በእግሩና በብስክሌቱ ደብዳቤ የሚያድለው ቢሮ ከሚቀመጠው ይሻላል።

ኦዲተሮች፣ አላችሁ አይደል? እናንተ ይህን ሪፖርት ስታዩ ምን ትጠይቃላችሁ? «ሾፌሮቹ ሲቀጠሩስ እንዴት ነበሩ?» ትላላችሁ። ሞሪስም ራሱን ይህንኑ ጠየቀ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የደንብ ልብስ መዝገብ አስወጣ! ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሱሪ ሲሰፋ የተጻፈውን የወገብ ልክ አንድ በአንድ አየ። እ.ኤ.አ. በ1956 ያንንም አሳተመ። ለካ ሾፌሮቹ ገና ከጅምሩ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የወንበሩ አይደለም ማለት ነው። በገዛ ውጤቱ ላይ ኦዲት የሚሠራ ሰው እንዲህ ብዙ አይገኝም። በነገራችን ላይ ሞሪስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ በ99 ዓመቱ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ትኬት ቆራጩ ቆሞ አልነበረም። ደረጃ እየወጣ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደኛ አገር ልምጣ። እኛ ዘንድ መቀመጥ ክብር ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? «ኧረ ቁጭ በሉ!» አይደል? ቤተ ክህነት ብትሄዱ «ወንበር ዘረጋ» ማለት መምህር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንድን ሲኒየር አካውንታንት «ከዛሬ ጀምሮ ቆመህ ሥራ» ብትሉት ከደረጃው ያወረዳችሁት ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ለፍቶ ያገኘውን ወንበር!

አንድ ወዳጄ ደግሞ «አባቶቻችን እኮ ቆመው ነበር የሚጽፉት፣ ቁም ጸሐፊ የሚባለው ለምን መሰለህ?» አለኝ። ሳቄን ነው ያመጣው። ቁም የተባለው ፊደሉ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚጽፈው። ጠረጴዛም የለው። እንግዲህ የነሱንም ወገብ እግዜር ይወቀው።

ሁለተኛ። መቆም።

ወገቤ ሲሻለኝ ምን አደረግሁ? እንደማንኛውም ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥኩ። ቆሞ መሥሪያ ጠረጴዛ የሚባል ነገር እንዳለ አነበብኩ። ከፍና ዝቅ የሚለው ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሁለት ካርቶን የኤፎር ወረቀትና ሦስት ቦክስ ፋይል ደራርቤ ላፕቶፔን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። የታችኛው ቦክስ ፋይል የ2004 የወጪ ሰነድ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። (ሳቅ)

እና ቆምኩ። ጠዋት ቆምኩ። ከምሳ በኋላም ቆምኩ። በቆዳ ጫማ፣ በሴራሚክ ወለል ላይ፣ ስድስት ሰዓት! ባልደረቦቼ መጀመሪያ አደነቁኝ። ከሰዓት በኋላ ግን አንዷ «ምነው ዛሬስ ትራፊክ ሆንክ?» አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራ እግሬ ላይ ተደገፍኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀኙ ላይ። ከዚያ ክርኔን ካርቶኑ ላይ ጣልኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ቤቴ ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል፣ ቶሎም አይመለስም። አምስት ቀን እንዲህ ሠራሁ። በአምስተኛው ቀን ተረከዜ መሬት ሲነካ እንደ ሚስማር ይወጋኝ ጀመር። ወገቤን ሳድን እግሬን አጣሁ።

እህቴ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። እህቴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ሃያ ዓመት ቆማለች። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ባቷን አሳየችኝ። ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተቋጥሮ ወጥቷል። «አንተ በአምስት ቀን ነው የምታለቅሰው?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ወደ እግር ለመውረድ ችግር የለበትም። ወደ ላይ ለመመለስ ግን የባት ጡንቻ መጨመቅ አለበት። ስትራመዱ ባታችሁ ይጨምቀዋል፣ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። ዝም ብላችሁ ስትቆሙ የሚገፋው የለም። እዚያው ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ደም ሥር ይወጣጠራል።

በካናዳ ኦንታሪዮ 7,320 ሠራተኞችን 12 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤት ያወጡ ተመራማሪዎች አሉ። ሥራቸው በአብዛኛው ቆሞ የሆነ ሰዎች በአብዛኛው ተቀምጠው ከሚሠሩት በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሰማችሁ? ሁለት እጥፍ! ይህ እንግዲህ አስተናጋጅ ነው፣ ካሽየር ነው። እንደ እህቴ ያለ ሰው ነው።

«ቢያንስ ያከሳል» የሚልም አለ። እሱንም አስልቼዋለሁ። ጥናቶችን ሰብስበው የደመሩ ሐኪሞች እንዳሉት፣ መቆም ከመቀመጥ በደቂቃ የሚበልጠው በ0.15 ካሎሪ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስድስት ሰዓት ቢቆም 54 ካሎሪ። ግማሽ ሙዝ ናት! ስድስት ሰዓት ተሰቃይቼ ያቃጠልኩት ግማሽ ሙዝ። (ሳቅ) ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመርን የምን ማቃጠል ነው?

እዚህ ላይ አለቆችን አንድ ነገር ልለምን። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁትን ነው። ቆሞ መሥሪያ ጠረጴዛ ወንበር ላለው ሰው የመጣ ፋሽን ነው። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃችሁስ? ገንዘብ የምትቀበለዋ ልጅስ? ለነሱ የሚያስፈልገው በርጩማ ነው። አንድ በርጩማ ስንት ያወጣል? እባካችሁ፣ ለራሳችሁ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ከመግዛታችሁ በፊት በር ላይ አንድ በርጩማ አስቀምጡ። እባካችሁ።

አጎቴን ላንሳና ከመቆም እወጣለሁ። አጎቴ መሪጌታ ነው። ለክብረ በዓል ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። ዕድሜው ሰባውን አልፏል። እኔ በስድስት ሰዓት እግሬ ሲያብጥ እሱ ከማታ እስከ ንጋት ቆሞ እንዴት ነው ጠዋት በእግሩ ቤቱ የሚገባው? ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ጸሎት ነዋ!» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ማን ነው የቆመው? እኛ እኮ እንወዛወዛለን።»

እውነቱን ነው። ዝማሜውን አስቡት። መቋሚያው ወደዚህ ይሄዳል፣ ወደዚያ ይመለሳል። ሰውነት አብሮ ያዘነብላል። ክብደቱ ከእግር ወደ እግር ይዛወራል። ጸናጽሉ አለ፣ ሽብሸባው አለ። ሲደክመው ብብቱን መቋሚያው ላይ ጣል ያደርጋል። የአጎቴ ባት ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። የኔ ባት እንደ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ተተክሎ ነው የዋለው። ትኬት ቆራጩን ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? ይኸው፣ ከአጎቴ ጋር ተገናኙ።

ስለ ጠረጴዛ አደራደር ብዙ አልልም። ቆማችሁም ሆነ ተቀምጣችሁ ስትጽፉ ክርናችሁ ጎናችሁ ላይ ወደ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ። የስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ዓይናችሁ ትክክል ይሁን፣ ርቀቱም የአንድ ክንድ ያህል። ላፕቶፕ ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጥም። ስክሪኑን ከፍ ብታደርጉ እጃችሁ ይሰቀላል፣ ዝቅ ብታደርጉት አንገታችሁ ይቀበራል። ለብቻ ኪቦርድ ግዙ። ይህ ብቻ ነው ወጪው።

ሦስተኛ።

ሥራ ስጀምር የነበረውን ቢሮ ላስታውሳችሁ። ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ሰነድ ሲፈለግ መዝገብ ቤት መሄድ ነው፣ ምድር ቤት። ፊርማ ሲፈለግ ሦስተኛ ፎቅ። ቼክ ሊወጣ ሲል እንደገና ታች። ሊፍቱ? እሱን ተዉት፣ ሁልጊዜ «በጥገና ላይ» ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንወጣና እንደምንወርድ የቆጠረ የለም። እኛም የለንደን ትኬት ቆራጮች ነበርን፣ አላወቅነውም። ዛሬ ሰነዱ ስክሪን ላይ ነው። ፊርማው ስክሪን ላይ ነው። አጠገቤ ላለው ልጅ እንኳ በቴሌግራም ነው የምጽፍለት። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ!

ሌላም ነበር። ሻይ የሚያመጡልን እማማ ነበሩ። ዕድሜያቸው የእናቶቻችን ነው። ትሪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ክፍሉ ሙሉ ብድግ ይላል። «ኖር!» እንላለን። «በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ቁጭ በሉ ልጆቼ» ይላሉ እሳቸው። ጠዋት ይመጣሉ፣ ብድግ። ብርጭቆ ሊሰበስቡ ይመጣሉ፣ ብድግ። ኃላፊያችን ይገባል፣ ብድግ። ከሌላ ክፍል ሽማግሌ ሰው ይመጣል፣ ብድግ። ማንም ለጤናው ብሎ አልነበረም። ነውር ስለሆነ ነው። አሳዳጊ የበደለው እንዳንባል ነው።

አሁን እማማ ጡረታ ወጥተዋል። በቦታቸው ማሽን ተተክሏል። ለማሽን ማን ይነሳል? አዳዲሶቹ ልጆች ጆሯቸው ላይ ኢርፎን ሰክተዋል፣ ሚኒስትር ቢገባም አይሰሙም። አልፈርድባቸውም። እኔም ያን አርባ ሳንቲም ስፈልግ ያለፈውን ያገደመውን ቀና ብዬ አላየሁም ነበር።

እንግዲህ አዘጋጆቹ «ቆሞ ወይስ ተቀምጦ?» ብለው ጠየቁኝ። የኔ መልስ መነሳት ነው። ተቀመጡ፣ ግን ተነሱ። ቁሙ፣ ግን ተራመዱ። ሰውነት የሚጠላው አንድ ቦታ መቅረትን ነው።

በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህንን በሰዓት ለክተው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ነው። ስምንት ሰዓት የሚቀመጡ ሰዎችን በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ አራመዷቸው። ከምግብ በኋላ ደማቸው ውስጥ የሚወጣው ስኳር ሳይነሱ ከዋሉበት ቀን ጋር ሲተያይ በ58 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የደም ግፊታቸውም ወረደ። ኦዲተሮቹ ሳይጠይቁኝ ልናገር፣ የተጠኑት 11 ሰዎች ብቻ ናቸው። ናሙናው ትንሽ ነው። ግን አምስት ደቂቃ መራመድ ምን ያስከስረኛል?

ለማይነሳው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያካተቱ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ፣ መቀመጡ የሚያመጣው የሞት አደጋ ይካካሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከባድ ነው እንዴ? የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ከምንቆም ሁለት ፌርማታ ብንራመድስ? እኔ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በእግሬ እሄዳለሁ። ብዙ ቀን ሰልፍ ላይ ትቻቸው የመጣሁትን ሰዎች እቀድማቸዋለሁ።

አሁን የስልኬን ነገር ልንገራችሁ። እማማ ከሄዱ በኋላ ማን ያስነሳኛል ብዬ አሰብኩ። ስልኬ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ የሚጮህ ደወል ሞላሁ። ስም ስጠው ሲለኝ «ኖር» ብዬ ጻፍኩ። ሲጮህ እነሳለሁ። ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር እሄዳለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ በቴሌግራም ልጽፍለት ያሰብኩትን ሰው ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ አናግረዋለሁ። መጀመሪያ ቢሮው ሳቀብኝ። «ማን መጣ ጋሼ?» ይሉኛል። «እማማ መጡ» እላቸዋለሁ። አሁን ሦስቱ አብረውኝ ይነሳሉ። አንዷ ግን አትነሳም፣ «እኔ የማውቃቸው እማማ የሉም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እሷ ስትቀጠር ማሽኑ ነበር።

አምና እማማን ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። በዱላ ነው የሚሄዱት። ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ እኔና ሁለት የድሮ ባልደረቦቼ ሳንነጋገር እኩል ብድግ አልን። «በእግዜር፣ በእግዜር!» አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሆድ አወጣህ» አሉኝ። (ሳቅ)

ስለ ደወሉ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ለቅሶ ቤት ሆነና ተውኩት። ሌላ ቀን ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው ብዙ ከሳቁ በኋላ «ታዲያ ስልኩ ሻይ አያመጣ!» አሉኝ።

(ስልክ ይጮኻል)

ይኸው፣ ሰዓታቸውን ጠብቀው መጡ። ምን ትጠብቃላችሁ? ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ለእርስዎ ነው የሚነሳው። ሌላው ብድግ በል! ሻዩ ውጭ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ወንበር አላስገቡም። እኔ አይደለሁም ያልኳቸው።

ኖር!